ቀለም ቆጠራ

ከሬጅስትራር መስኮት የሾለከ ወረቀት፣
ስምንት ባዶ መስመር፣ ስምንት ዓይነት ሕይወት።
«በምርጫ ተራ ይሞላ» ይላል ግርጌው፤
ዐርብ ነው፣ አሥር ሰዓት ነው መስኮቱ የሚዘጋው።
ቶሳ ጉም ለቆብን፣ መብራትም ሄዶብን፣
በስልክ ጭላንጭል ዕድሜ እንሞላለን።

ሸምሲያ ፋርማሲን ከላይ አስቀመጠች፤
ኬሚስትሪን ስምንተኛ፣ ከታች ወረወረች፣
ዳሱ ሲሞላ በር ላይ እንደሚቀር ዘመድ፣
ከጫማው ክምር ጎን፣ ሳይቀርብለት ማዕድ።

የደላንታው ይርጋ «ጂኦሎጂ» አለ፣ አላመነታም።
ወንድሙ ኦፓል ሲቆፍር ጉድጓዱ ተንዶበት
አንድ እግሩ እዚያው ቀርቷል፤ ስለሱ አያወራም።
«ድንጋዩ ምን እንደሚያስብ ልወቅ» ይላል፣
ሌላ አይጨምርም።

ፊዚክስን ያስቀደመ መሐሪ ብቻ ነው፤
ስለ ብርሃን ሊማር! በዚህ ጨለማ! ሳቅንበት፤
እሱም ሳቀ፣ ወዲያው ባትሪው ዘጋው።

እኔስ?
አባቴ እንድሪስ፣ ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ዱቄት ሲመዝን፣ ሲበጠብጥ፣ ሲያደርቅ።
ሰኞ እጁ ቀይ ነው፣ ረቡዕ ወይን ጠጅ፤
ለጁምዓ ውዱእ ሲያደርግ ውሃው ይደፈርሳል እንጂ
ጥፍሩ ሥር ያለው ሰማያዊ ንቅንቅ አይልም፤
«ያኔም ነበር» ትላለች እናቴ፣ «በኒካው ለት፣ አልደበቀኝም።»

አንድ ቀን የቀበሌው ጸሐፊ «የትምህርት ደረጃ?» ሲለው
መዳፉን ዘርግቶ «ቀለም ቆጥሬያለሁ» አለው።
ጸሐፊው እስኪያነባ ስቆ
«አራተኛ ክፍል» ብሎ ጻፈው።

ትናንት ማታ ደወለ። «ያሻሽን ሙይ፣ አብሽሪ፤
ነርስም ሁኚ፣ አስተማሪም፤
የኔን ዱቄት ብቻ አትማሪ።»
ከዚያ ሳለ። ሳሉ ረዘመ፣
ካርዱ አለቀና መስመሩ ቆመ።

አባዬ፣ በርሜሉ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ባዕድ ነው፤
አንተ የገባህ የራስ ቅሉና የሁለቱ አጥንት ሥዕል ብቻ ነው።
«ይቺን እንኳ እናውቃታለን» አልህ፣
አፍህን በሽርጥህ ሸፍነህ ገባህ።
የቀረውን መስመር ማን ያንብብልህ?
የትኛው በሳሙና ይለቃል፣
የትኛው ደረት ውስጥ ጎጆ ይቀልሳል፣
ከግንቡ ጀርባ ያለው ቦይስ ለምን ሐሙስ ሐሙስ ይቀላል?

ሸምሲያ፦ «ኬሚስትሪ ይዘሽ ማን ሊቀጥርሽ?
ገጠር ወርደሽ ጠመኔ ሊበላሽ፣
ወይ በጋዎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሊቀር ፎቶሽ?»
እውነቷን ነው። መልስ አላገኘሁም።

ኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪ ደግሞ ከጎን ይጠቅሰኛል፣
እንደ ከተማ ጎረምሳ «ፋብሪካ አለኝ» ይላል፤
ሁለተኛ ጻፍሁት። ይጠብቅ፤ መጠበቅ ያበስላል።

አንደኛው ላይ «ኬ» ብዬ ስጀምር
እስክሪብቶው በደሴ ብርድ ደረቀ፤
በትንፋሼ አሞቅሁት፣ አራገፍሁት፣
ጉሮሮው ፈነዳ፤ ሰማያዊው አውራ ጣቴን አጠለቀ።

መስኮቱ ላይ ሴትዮዋ ወረቀቱን አየች፣ ጣቴን አየች።
«ይለቃል ይሄ?» አልኳት።
«እኔን ነው የምትጠይቂው? የሞላሽው አንቺ» አለች፣
ማኅተሟን መትታ
መስኮቱን እየዘጋች።