ሁለት ጀሪካን አየር

ምናለሽ ተራ፣ ከሞተ ቴፕና ከተፈታ ራዲዮ ክምር መሀል፣
ሻጩ አንዱን አንሥቶ «ማግኔቱን እዪው፣ ክብደቱን!» ይለኛል።
ክብደት አልገዛም።
የዎፈሩን ሆድ በሁለት ጣቴ ገፋ ለቀቅ አደረግሁት፤
ጆሮዬን ደፍቼ ሲመለስ ሰማሁት።
አሸዋ እንደነከሰ ጥርስ ቀጭ ቀጭ ካለ፣
ጥቅልሉ ተቃጥሏል፤ ውስጡ ድምፅ የለ።
ሌላውን በባትሪ ድንጋይ ነካሁት፤ ወደ ፊት ዘለለ።
ይሄ ልብ አለው።

አሥራ ሦስት አንሥቼ አሥራ አንዱን መለስኩ፣
የሁለቱን ጠርዝ፣ የረገፈ ስፖንጅ፣ በጥፍሬ ዳበስኩ፤
ይለጠፋል፣ አልኩ።
ትዊተሮቹን ግን አዲስ፣ ሐር የለበሱትን።
የብረቱ «ሰ» ባሉት ቁጥር እንደ መርፌ ይወጋል፤
ዘፋኝ ደግሞ «ሳሳሁልሽ» ማለት ይወዳል።

ከመርካቶ ቱሉ ዲምቱ፣ ሦስት ታክሲ፣ ሁለቱን እንደ መንታ አቅፌ።
«የዕቃ ይከፈላል» አለኝ ረዳቱ። ከፈልኩ፤ ዝም አለ አፌ።

ስሌቱ ቀላል ነው፦ ለእያንዳንዱ ማማ አርባ ሊትር ባዶ፤
ቢያንስ ባሱ ይታነቃል፣ ቢበዛ ይዝረከረካል ተንዶ።
አርባ ሊትር በእኛ ሰፈር ሁለት ቢጫ ጀሪካን ነው።
ውሃ በስምንት ቀኑ የሚመጣለት ሰው፣
አየር በጀሪካን ስለካ ቢያየኝ፣ ባይስቅ ነው የሚገርመው።
እትዬ ዘርፌሽዋል ከአራተኛ ፎቅ፦
«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ደግሞ ባዶውን ትሸከሚ ጀመር?»

ጋሽ ወንድይራድ አናጢው፣ አስፋልቱ ዳር ነው ቆርቆሮ ቤቱ፤
ሙያው የሬሳ ሳጥን፣ ከአባቱ የወረደ፣ ከአያቱ።
«ቁመቱ?» አለኝ፣ ሜትሩን ስቦ።
«አንድ ሜትር ከአሥር።»
እርሳሱን ከጆሮው አወረደ። ቀና ብሎም አላየኝ።
«የልጅ ነው?»
«ሁለት ናቸው፣ እኩል በእኩል።»
«መንታ!» አለ። ቆቡን አወለቀ።
ሳቅ ይሁን ለቅሶ እንጃ፣ ጉሮሮዬን ያነቀው፦
«ጋሽዬ... የዘፈን ነው።»

ተቆጣ።
ከዚያ ተቀመጠ። ከዚያ «ንገሪኝ» አለ።

ነገርኩት፦ ሳጥኑ ራሱ መናገር የለበትም፤
ዎፈሩ ሲያወራ ጎኑ ካቃሰተ፣ ድምፁ አይጠራም።
«ዝም የሚል ሳጥን?» አለኝ፣ ጣውላውን በጣቱ አንኳኩቶ፣
«እሱንስ ለእኔ ተይው።»
ኮምፔንሳቶውን ደራረበ፣ መሀሉን በመስቀለኛ ደገፈ፣
መጋጠሚያውን ሁሉ ኮላ አጠጣ።
የውስጡን ጥጥ ከራሱ ጓዳ አወጣ።
ከምን እንደተረፈ አልጠየቅሁትም።

ቀዳዳው ላይ ግን እምቢ አለ።
«አርባ ዓመት ስዘጋ ነው የኖርኩት፤
አንድም ቀን መውጫ አልተውኩለት።»
ከኮንዶሚኒየም ግንባታ የተረፈ የፍሳሽ ቱቦ አሳየሁት፦
ከኋላ የታፈነው ትንፋሽ በዚህ ይወጣል፣
ቱቦው ሲረዝም ድምፁ ይወርዳል፣ ሲያጥር ሽቅብ ይላል፤
በጣት በጣት እንቆርጠዋለን፣ እስኪስማማው።
ሌሊቱን ሲያስብ አደረ መሰለኝ። በማለዳ ቀደደው።

ቅዳሜ ማታ። ነፋሱ ከየረር በኩል፣ ጅቦቹ ከድንጋይ መፍጫው ጀርባ።
ባስ ክራር ከፈትኩ፣ ቀስ ያለ።
የግራው ማማ አንድ ቦታ ላይ ይንጫጫል፤
ያልጠበቀ ብሎን ነው፣ አውቄዋለሁ፣ ለነገ ይደር።
ጋሽ ወንድይራድ ዘፈኑን አልሰማም፤
ወይ ሰምቶ ይሆናል፣ እኔ ምን አውቃለሁ።
ተንበርክኮ መዳፉን ቀዳዳው ፊት ዘረጋ።
ባሱ በመታ ቁጥር የክንዱ ጠጉር ንቅንቅ ይላል።
«ይተነፍሳል» አለ።

ከዚያ መብራት ጠፋ፤ ብሎኩ በሙሉ ጨለመ፤
እትዬ ዘርፌሽዋል ከላይ «ሄደ!» ስትል ሰማን።

እጁን አላነሣም።