በእርሳስ የተጻፈ

ከፖስታ ቤት ማዶ፣ ከቁልቁለቱ ላይ፣
አንድ ሜትር መስታወት፣ አንድ አምፖል ለፀሐይ፤
ስልክ እጠግናለሁ።
ግንባሩ የተሰነጠቀ፣ ጀርባው የተሰበረ፣
ሽንት ቤት ወድቆ ወጥቶ ሩዝ ውስጥ ያደረ፣
በቅናት ሌሊት ከግድግዳ የተማከረ፣
ዞሮ ዞሮ እኔው ዘንድ።

ብሎኑ ሳይፈታ አንዲት ጥያቄ አለች፣
ከንስሐ አባት ጥያቄ የማታንስ፣ የከበደች፦
«የይለፍ ቃል?»
ግራ ቀኝ ይቃኛል፤ በመስኮቴ ያጎነብሳል፤
አንዱ የልጁን ልደት በሹክሹክታ ያፈሳል፤
አንዷ የፍቺዋን ቀን፤
አንዱ «አንድ ሁለት ሦስት አራት» ይላል ሳያፍር፤
እኔም እጽፋለሁ፣ በእርሳስ፣ በደብተር፣
ከስሙ ጎን ቁጥር።
የግማሽ ከተማው በር
ቁልፉ እዚህ ተኝቷል፣ ከመበየጃው ሥር።

ከሰዓት በኋላ ደጄ ሸንጎ ነው።
ኬብሮን ከልደታ ችሎት ፋይሏን አቅፋ ትመጣለች፤
«አዲሱን የመንገድ መብራት አያችሁት?» ትላለች፤
«ከአንገቱ ሥር ዓይን አለው።
ብርሃኑስ ለኛ ነው፣ ዓይኑ ግን የማነው?»
«የሌባ መድኃኒት!» ዓለምሰገድ ከታክሲው፤
«የጎን መስታወቴን ሦስት ጊዜ ነቀሉኝ፤
ይዩኝ! ከፈለጉ ተኝቼም ይቅረጹኝ።
ንጹሕ ሰው ምን ፈራ?»
«እሺ ንጹሑ ሰው፣ ስልክህን አምጣና
ለሚስትህ ላንብብላት።»
ሳቅ። እጁ ወደ ኪሱ።
«እሱ ሌላ ነገር ነው።»
«አይደለም። እሱው ራሱ!
አንቀጽ ሃያ ስድስት…»
«ሕጉማ ወረቀት ነው» አለና የቆሎውን ጥቅል ዘረጋው።
ነጋሪት ጋዜጣ ነበር።
አንድ መስመር ለማንበብ ሞከርን፤ ጨው በልቶታል።

«ስልክህ ላይ "እስማማለሁ" ስትነካ አንብበህ ነው?»
«ማን ያነባል! እኔ እንደሆን
ከሚስቴ በስተቀር ከሁሉም ተስማምቻለሁ።»

በዚህ መሐል ጋሽ ሽመክት፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ከማዶው ሕንጻ ደብዳቤ ሲለዩ የኖሩ፣
ከለስላሳ ሣጥናቸው ላይ ሳይነሱ፣ ጫማቸውን እያዩ፣
«አንድ ከፍቻለሁ» አሉ።

«ማን አዘዝዎት?» አለች ኬብሮን፣ ዘመኑን በልቧ እየቆጠረች።
«ማንም።
ያዘዘኝ ቢኖር በሱ አላክክ ነበር።
በማንቆርቆሪያ እንፋሎት። ሙጫም እንደ ሰው ነው፣ ሲሞቀው ይለቃል።
ከመርጦ ለማርያም ነው፣ እናት ለልጇ፤ ምሥጢር ነበር የመሰለኝ።
"ጣሪያው እያፈሰሰ ነው፤ ሦስት ቆርቆሮ ላክልኝ።"
ይኸው ነው።
መልሼ ሳሽገው ተቀደደብኝ። አፈርኩ። ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።
ይኸው እስከ ዛሬ፣ ሐምሌ በገባ ቁጥር፣
እኔ ቤት ክዳኑ ደህና ነው፣
እሷ ቤት ግን ያፈሳል።»

ማንም አልመለሰም። ዓለምሰገድ ቆሎውን ዘገነ፣ አልበላውም።

ሐሙስ ለታ አንድ ሰው መጣ፤ ጃኬቱ ጥቁር፣ ድምፁ ለስላሳ፣
የአንዲት ደንበኛዬን ስም ከብጣሽ ወረቀት ላይ አነሣ።
«ስልኳ አንተ ጋ ነው። ከፍተህ ታሳየናለህ፤ ቀላል ነው።»
ምላሴ ደረቀ።
ጋሽ ሽመክት ከሣጥናቸው፦
«ማኅተሙ የታለ?»
ሰውዬው እንደ ግድግዳ አያቸው።
ወረቀቱን በአራት አጠፈና
«እመለሳለሁ» አለ። መቼ እንደሆነ ግን አላለም።

ማታ በሩን ከውስጥ ዘጋሁ፣ ላጲስ ይዤ ተቀመጥኩ።
ከእሷ ጀመርኩ።
ቀጥሎ ልደቶቹን፣ ፍቺዋን፣ አንድ ሁለት ሦስት አራትን፤
ጠረጴዛው በላጲስ ፍርፋሪ ተሸፈነ፣ ጣቴም ዛለ።
ጨረስኩ ብዬ ገጹን ወደ አምፖሉ ባዘነብለው
እርሳሱ ሄዷል፣
ጠባሳው ቁጭ ብሏል፤ ቁጥር በቁጥር ይነበባል።

ጠዋት የመጀመሪያው ደንበኛ በመስኮቴ ሲያጎነብስ
«አትንገረኝ» አልኩት፤ «ራስህ ክፈተው፣ ራስህ ዝጋው።»
በጥርጣሬ አየኝና ስልኩን ይዞ ወደ ጎረቤቴ ሄደ።

ኬብሮንን አንድ ነገር ልጠይቃት እየጠበቅኳት ነው፦
ማኅተም ይዞ ቢመጣስ?