የሠላሳ ዘጠኝ ሌባ

ጎንደር፣ ከማራኪ ቁልቁል፣ ከልብስ ሰፊዎቹ ጀርባ፣
ፀሐይ በቀን ለአንድ ሰዓት ብቻ የምትገባ፣
አንዲት ክፍል አለችን፤ ኪራይዋ የሁለት።
ግማሿ የአጀቡ፦ የተሰነጠቀ ስክሪን፣ ያበጠ ባትሪ፤
ግማሿ የእኔ፦ አንድ ኮምፒውተር፣ ባለ ሦስት እግር ወንበር፣ የጥሪ ቆጣሪ።

ሥራችን ይኸው ነው፦
ድምፅ በዋይፋይ ወጥቶ፣ ዋይፋዩ ሲደክምበት፣
የማማውን ሞገድ ይዞ እንዲቀጥልበት፤
ተናጋሪው ሳያውቅ፣ ቃሉ ሳይቆረጥ፣
ዋጋውም ለደቂቃ ከአንድ ፍሬ ማስቲካ እንዳይበልጥ።

ሙከራው በባጃጅ፣ ከአራዳ እስከ አዘዞ፤
አጀቡ ከኋላ ሁለት ስልክ ይዞ
«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለ ይቆጥራል፤
እኔ ከክፍሌ ሆኜ ጆሮዬ ይከተላል።
ኮሌጁ ጋ ደኅና ነው።
ሳሙና በር ኩርባው ላይ ግን፣ ሁልጊዜ፣
«ሠላሳ ስምንት» ይልና ጭጭ። ከዚያ «አርባ»።
ሠላሳ ዘጠኝን ማን በላው?
ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቁጥር ፈለግሁ፤
እንደ ወደቀ መርፌ ኮዱን መስመር በመስመር ዳሰስሁ።
በግንቦት፣ አንድ ከሰዓት፣ ዝናቡ ሲያጉረመርም፣
ሠላሳ ዘጠኝ መጣ፤ ጭረት እንኳ የለበትም!
ዘለልሁ፣ ወንበሬ ሦስት እግር መሆኑን ረስቼ፤
ተገኘሁ ወለሉ ላይ ተዘርግቼ።

አሁን የሻረግን ልንገርህ።
ግድግዳ ተጋሪያችን ናት፤ በእግር መኪና ልብስ ትሰፋለች።
ባሏ ቢተው መተማ ነው፣ ከሰሊጡ ማሳ፤
የሚያወራት በሚስኮል ነበር፣ ካርዱ እንዳይነሣ።
አንድ ጊዜ ከጠራ፦ «ደኅና ነኝ፣ አለሁ»፤
ሁለት ጊዜ ከሆነ፦ «ብር ልኬልሻለሁ»፤
ሦስት ጊዜን ግን ትርጉም አልሰጡትም፤
እንዳይመጣ ብለው ስም አላወጡለትም።

በሐምሌ «ሞክሩት» ብለን ለሁለቱም ጫንንላቸው።
በማግስቱ መዝገቡን ሳይ አንድ ጥሪ፦
ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ አንድም ቃል የሌለበት።
ብልሽት መሰለኝ።
ዝም ያለ መስመር በሁለት ደቂቃ የሚዘጋ ኮድ ጻፍሁ፣
ከመጫኔ በፊት ግን በበሯ ብቅ አልሁ።
«ማታ ስልክሽ ክፍት ቀርቶ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ።
መርፌውን ከከንፈሯ አወጣች፤
ቀና ሳትል እንዲህ አለች፦

«አልቀረም፤ ከፍቼው ነው። ቢተው እንቅልፍ አጣ፤
ሙቀቱ ሲገርመው ደግሞ ትንኙ መጣ።
እዚህ ሳለ፣ እኔ ሌሊት ስሰፋ፣
በዚች መኪና ድምፅ ነበር የሚያንቀላፋ።
ስልኩን ከሥሯ አኖርሁለት፤ እሱ ግን ጠዋት
‹ሥራ ፈታሽ ወይ?› አለኝ፣ ‹ምነው ቤቱ ዝም አለበት?›
ያንተ ነገር ቃሌን ያደርሳል፣ እግዜር ይስጥህ፤
መኪናዬን ግን የት ነው የምትጥልብኝ፣ እስቲ ልጠይቅህ?»

አፈርሁ።
ሁለት ወር ሌባ ያሳደድሁ፣
መኪናዋን የበላሁት እኔው ሆኜ ተገኘሁ።
የድምፅ ማጣሪያው ነው፤ ኩራቴ፣ ስንት ሌሊት ያላብሁበት፤
የባጃጅ ጩኸት፣ የነፋስ ፉጨት የሚቀርበት፤
ቃል ያልሆነውን ሁሉ «ጫጫታ» የሚል፣
የየሻረግንም መኪና እንደ ጉድፍ ጠርጎ የሚጥል።

አጀቡ ሳቀ። «በል ክፈትላት፣ ለእሷ ብቻ» አለኝ።
«ለእሷ ብቻ» የሚል ኮድ ግን መጻፍ አቃተኝ።
የማን ጫጫታ ለማን እሽሩሩ እንደሆነ
ማጣሪያ በምን ያውቃል?
ከጥሪው ግርጌ አንዲት ቁልፍ ጨመርን፦ «እንዳለ ይለፍ»።
ዝምታ የሚዘጋውንም መስመር አጠፋሁት።
አጀቡ ኪሳራውን በካርቶን ላይ ደምሮ ዝም አለ።

ዛሬም መዝገቡ ላይ አንድ ጥሪ አለ፤ ሦስት ሰዓት አልፎታል።
ቃል የለም።
በግድግዳው ወደ እኔ ተክ ተክ ተክ ይላል፤
በሌላው መንገድ ቆላ ይወርዳል።
አሁን ቆመ፤ ክር አልቆባት ነው።
እኔ እዚህ፣ ቢተው በእንቅልፉ፣
እስክታስገባ እንጠብቃለን።