ለጊዜው ተዘሏል

ሌሊት ሰባት ሰዓት፣ ማንም ሳይጠራው፣
ሰርቨሩ ይነሳል፤ እንዲህ ነው ሥራው።
ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ፓኬጅ ከየምንጩ ቀድቶ
ይገነባል፣ ይፈትናል፣ ያሽጋል መዝኖ ለክቶ።
የምንተኛው እኛ ነን፤ እሱ አይተኛም፤
ሲሳካለትም ዝም ነው፣ ሰው አይቀሰቅስም።

ዛሬ ግን ስልኬ ጮኸ።
ሐዋሳ ዝናቧን ጨርሳ፣ መብራቱ ሄዶ መጥቶ፣
ከሐይቁ በኩል አንድ ጉማሬ እንደ ተበዳይ አጉረምርሞ ትቶ፣
ላፕቶፑን ከፈትኩ፤ ስክሪኑ ቀልቷል።
አንዱ ፓኬጅ ወድቆ ዐሥራ ዘጠኙን ጎትቷል፦
የደመወዝ መክፈያው፣ የክሊኒኩ መዝገብ፣ የትምህርት ቤቱ ሰሌዳ፤
ምሰሶው ሲያዘም ጣራውም ማገሩም ዕዳ።
የወደቀው የቀን መቁጠሪያው ነው።

ሎጉን ከታች ወደ ላይ አነባለሁ፤ ልማዴ ነው።
ከታች የሚጮኸው ተገፊው ነው፤ ገፊው ከላይ ነው።
አራት ሺህ መስመር ማስጠንቀቂያ፣ ማንም የማይሰማው፣
እንደ መነኸሪያ ረዳት ጩኸት ጆሯችን የለመደው፤
ከመሃሉ አንዲት ቀጭን ዐረፍተ ነገር፦
«ጳጉሜ ስድስት፦ እንዲህ ያለ ቀን የለም።»

ሰዓቱን አየሁ። እኩለ ሌሊት አልፏል።
ሉቃስ ሊወጣ ነው፣ ዮሐንስ ደጅ ቆሟል።
ቀኑ አለ።
እኔ ውስጡ ቁጭ ብያለሁ።

እንግዳወርቅ ደወለ፤ የሱም ስልክ ጮኾበት፦
«ምን ያነቃሃል? ቴስቱን ዝለለው፣ ተኛበት።
ነገ መስከረም ነው፤ በራሱ ይድናል፤
ለአራት ዓመት ደግሞ ማን ያስታውሰዋል?»
እውነቱን ነው፣ ይድናል። የሚያስፈራኝም እሱ ነው፤
ሳይታከም የሚሽር ቁስል ከሥሩ የሚያመረቅዝ ነው።

አጥፊውን ፍለጋ ታሪኩን ገለጥኩ፤
ማን ነካው? መቼ? ለምን? ወደ ኋላ ወረድኩ።
ሀሜሶ ነው፣ ባለፈው ወር ቤት ሲያጸዳ፣
ዝም የተባሉትን ቴስቶች የቀሰቀሰ ማለዳ።
ልሰድበው አፌ ላይ ደርሶ ዝቅ ስል አየሁት፦
ጳጉሜ ስድስት፣ ሁለት ሺህ አሥራ አንድ። «ለጊዜው ተዘሏል።»
ከሥሩ ስም አለ።
ስሙ የኔ ነው።

ለጊዜው!
ያ ጊዜ አራት ዓመት ሞላው።

ታች ቤት የአከራዬ የቃሚሶ የልጅ ልጅ ተኝታለች፤
ኤፍራታ። በዚያች ቀን ቱላ ክሊኒክ ነው የተወለደች።
ነርሷ ቀኑን ብትጽፍ ማሽኑ እምቢ አላት፤
ደጋግማ ሞክራ፣ ደክሟት፣ መስከረም አንድ አለቻት።
«ኮምፒዩተር አንድ ቀን በላባት፣ ዓመቷንም ጭምር»
ብላ እናቷ ስትስቅ ሰምቻለሁ።
እኔም አብሬ ስቄያለሁ።

ጥገናው አንድ መስመር ነው፦
ዓመቱን ለአራት አካፍል፤ ሦስት ከተረፈ ስድስት በል።
የገብርኤል ዲያቆን በጣቱ አንጓ የሚያወጣውን
እኔ በስምንት ኮር ፕሮሰሰር አቅቶኝ ኖሯል።
መዝለያዋን ሰረዝኩ፤ አስረከብኩ፤ ጠበቅኩ።
መብራት ሄደ። ራውተሩ ሞተ። በስልኬ ዳታ ቀጠልኩ።
ቢጫ። ቢጫ። ከዚያ አረንጓዴ፤
የደመወዙ፣ የክሊኒኩ፣ አንድ በአንድ ቀና አሉ
በዝናብ ማግስት እንደ በቆሎ።
ዐሥራ ስምንቱ ዳኑ።
ዐሥራ ዘጠነኛው አሁንም ቀይ ነው፤ ዲስኩ ሞልቷል ይላል።
ያ ሌላ ጣጣ ነው። አልዘለልኩትም፤
ጻፍኩት፣ ከነስሜ።

ሲነጋ፣ አሞራ ገደል ጀልባዎቹ ሲገቡ፣
ለዳቦ ስወጣ አገኘኋት ግቢው መሃል፣
በእናቷ ነጠላ ጫማ፣ ከትናንቱ ዝናብ ኩሬ አጠገብ።
«እንኳን ተወለድሽ» አልኳት።
«ነገ ነው» አለችኝ፣ ኩሬውን ዘልላ።