«አላውቅም» የተባለው ሳጥን

ሥራዬ ቆጠራ፣ አገሬ ኒቆስያ፣
መስኮቴ የሚያየው የአሸዋ ጆንያ፤
ተኩስ እዚህ ቆሞ ሃምሳ ዓመት አለፈው፣
ሰላም ያልነው እንግዳ ገና መንገድ ላይ ነው።

ከወዲህም ከወዲያም መልስ ይላክልኛል፤
ከጋዛ በታብሌት፣ ከሃይፋ በስልክ ይመጣል፤
እኔ ቁጥር ሰጥቼ በየረድፉ አስገባለሁ።

ጥያቄ ሰባት እንዲህ ይላል፦
«በካይሮ የተያዘውን የተኩስ አቁም ድርድር
ይደግፋሉ ወይስ ይቃወማሉ?»
እጅግ እደግፋለሁ። እደግፋለሁ።
እቃወማለሁ። እጅግ እቃወማለሁ።
አላውቅም፤ ይህ በኮድ ዘጠና ስምንት።
ዝም ያለ፣ አልመልስም ያለ፣ ዘጠና ዘጠኝ።

ዴይር አል-በላህ ነው። ዊጅዳን ጫማዋን
አውልቃ ገባችና ከፈተች ታብሌቷን፤
ባትሪው በመቶ ዐሥራ አንድ፤ እሱን እያየች
ለኡም ራጊድ ሰባተኛውን አነበበች።

«ስሚኝማ ልጄ» አለች አሮጊቷ፣ «ያኔ
ቆመ ያሉኝ ለታ አመንኳቸው እኔ፤
አራቱንም ብርድ ልብስ አውጥቼ አጠብኩ፣
ገመድ ዘርግቼ ፀሐይ ላይ ሰቀልኩ።
ሳይደርቁ «ልቀቁ» አለ በራሪ ወረቀት፤
እርጥብ ብርድ ልብስ ተሸክመሽ ታውቂያለሽ ሌሊት?
ከሬሳ ይከብዳል። ሁለቱን ጣልኩና
ሁለቱን ጎተትኩ በባሕሩ ጎዳና።
ዛሬም ሬድዮው ስለ ድርድር ሲያወራ
እኔ የማስበው፣ ልጠብ ወይስ ልፍራ?
ሐሳቤ ይኸው ነው። ካለሽ ቦታ ጻፊው።»

ዊጅዳን ጻፈችው።
ጣቷ አምስቱን ሳጥን ከላይ ወርዶ ወርዶ
የመጨረሻው ላይ አረፈ።

ሃይፋ፣ አራተኛ ፎቅ፤ ኦስናት ትደውላለች፣
የማዳመጫውን ሽቦ በጣቷ ትጠቀልላለች።
ነቲቮት ላይ አንድ ጎማ ለጣፊ አነሣ።
«ምናሼ ነኝ፤ ፍጠኚ፣ መኪናው ጃክ ላይ ነው ያለው።
ትናንት ስም ሲነበብ፣ ሰው ሲመለስ ባየው
እደግፋለሁ ባልኩሽ። ዛሬ እቃወማለሁ፤
ሌሊት ሳይረን ጮኾ ልጄን አቅፌ ሮጫለሁ፤
ዘጠኝ ዓመት ሞልቷት ሱሪዋን አረጠበች።
ነገ ደግሞ ደውዪ፤ በዚሁ ቁጥር
ሌላ ሰው ነው የሚያነሣው።»

ቀጥሎ ጺላ፣ ከአፉላ። የእህቷ ልጅ እዚያ ነው፣ ከምድር በታች።
«ስሙ በስንተኛው ዙር ነው?» ብላ እሷው ጠየቀች።
ኦስናት አታውቅም።
«በመጀመሪያው ከሆነ፣ እጅግ እደግፋለሁ በይ።
በሁለተኛው ከሆነ ግን...»
ማንኪያ ሲወድቅ ይሰማል።
«እግዜር ይቅር ይበለኝ። ያኔ መልሰሽ ጠይቂኝ።»
ከዚያ አርባ ሰከንድ ዝምታ።
ቀረጻው እኔ ዘንድ አለ፤ ሁለት ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

ሲመሽ ሠንጠረዡ ካይሮ ገባ፣ ሆቴሉ አዳራሽ፤
የታሸገ ውኃ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ አስተርጓሚ፣ ባለዳራሽ።
አንደኛው ከላይ አይቶ «ሕዝቡ ፈልጎታል» አለ፣
ሌላው ከታች ጠቅሶ «ሕዝቡ መች በሰለ?» አለ።
ገጹ ያው አንድ ገጽ ነው።
ከአንድ እንስራ ቀድተው አንዱ ጣፋጭ፣ አንዱ መራራ ጠጡ።
«አላውቅም» ዐሥራ ሰባት በመቶ፣
በደቃቅ ፊደል፣ ከገጹ ግርጌ፤
ማንም ወደዚያ ዝቅ አላለ።

አለቃዬን ለመንኩት፤ «ዶክተር ኤቫጎራስ፣
አንድ ሳጥን እንጨምር።» «ምን ተብሎ?» አለኝ።
ሆድ ይፍጀው ተብሎ፣ ልል ነበር፤ አፈርኩ።
«ግራፉ ይበላሻል» አለ። እውነቱን ነው፤ ይበላሻል።

እናቴ ቅጽ ስትሞላ፣ «አድራሻ» ከሚለው ፊት
«ጊዜያዊ» ትል ነበር፣ አርባ አራት ዓመት።
በዚያው ጊዜያዊ ቤት አረጀች፣ ታመመች፣
ጊዜያዊ እንዳለች እዚያው ተቀበረች።
እሷን ማን ጠይቋት ነበር? በየትስ ረድፍ ገባች?

ዛሬ ማታ የደረሰኝ የመጨረሻው መዝገብ
ቁጥር አራት መቶ ዐሥራ ሁለት፤
ሰባተኛው ላይ ተቋርጧል።
ከሥሩ ዊጅዳን ጽፋለች፦
«ባትሪ አለቀ። ነገ እመለሳለሁ፣
ድንኳኑ እዚያው ካለ።»

ጣቴ ቁልፉ ላይ ነው።
ዘጠና ስምንት ልበለው?
ዘጠና ዘጠኝ?