ሁለት ፊት በሳሌርኖ

ዶና ፊሎሜና ክንዴን ይዘው አጥብቀው
ይወርዳሉ ቁልቁል፣ ደረጃውን ቆጥረው፤
አሥራ ሰባተኛው ላይ ጉልበታቸው ሲከዳ
«ማዶና!» አሉ እርሳቸው፣ «እመቤቴ!» አልኩኝ፤
እርሷም ሁለታችንን ተቀበለች እንደ እንግዳ።

ከታች ሰም ይሸታል፣ ሰምና የባሕር ጨው፣
የምእመን መዳፍ ነው እብነ በረዱን ያወዛው።
መሐል ላይ ማቴዎስ፣ ከነሐስ የተሠራ፣
አንድ ፊት ወደ ቀኝ፣ አንድ ፊት ወደ ግራ፤
ጀርባ ለጀርባ ነው፣ ጀርባ ግን የለውም፣
በየትም ብትዞሪ ከዓይኑ አታመልጪም።

እኛ ዘንድ ቢሆን ኖሮ፣ ሁለት ፊት ያለውን
ማን ዋስ ይጠራዋል? ማን ያምናል ቃሉን?
እዚህ ግን ይስቃሉ፤ የከተማው ሁሉ
«የኛ ሐዋርያ ሁለት ፊት ነው» ይላሉ፣
በፍቅር እያሙት፣ እንደ እናት ወንድም።

ሥራው ቀራጭ ነበር፤ ቅፍርናሆም በር ላይ
ተቀምጦ የሚውል፣ ከሚዛኑ በላይ
ቀና ብሎ የማያይ፤
የዓሣውን ቅርጫት፣ የዘይቱን ማሰሮ
በጣቱ ቆጥሮ፣ በጽሑፍ አስሮ።
አንድ መንገደኛ መጥቶ
«ተከተለኝ» አለው፤ ሌላ ቃል የለም፤
የዚያን ቀን ሂሳብ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

ከዚያ ወዲያ ያለው እንደ ተራኪው ነው፤
የኛ ስንክሳር በጥቅምት ያነሣዋል፣
የነርሱ ደወል በመስከረም ይጠራዋል።
እነርሱ እንደሚሉት፣ ኢትዮጵያ ገብቶ፣
የንጉሥ ልጅ አጥምቆ፣ ንጉሥ ተቆጥቶ፣
ቅዳሴ ላይ እንዳለ አንድ ወታደር መጥቶ
ከጀርባው ወጋው።

እኔ ሁለት ዓመት ቆሜ የለመንኩትን በር
አጥንቱ ዘለቀው ከባሕር ነጋዴ ጋር፤
ማኅተም አልመቱበት፣ አሻራ አልሰጠ፣
ስንቱን የቀረጠው ሳይቀረጥ አመለጠ።

«የኛ ነው» አሉ ዶና፣ በትራቸውን ዘርግተው።
«እኛ ዘንድ ነው የሞተ» አልኩ፣ አንገቴን ደፍቼ።
«እንግዲህ እናንተ ናችኋ የገደላችሁት!»
ድምፃቸው ከጣሪያው ተመልሶ መጣ፤
ሻማ የምትሸጠው መነኩሲት በቁጣ
ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።
ከኔም ምላስ ላይ የቆየ ነገር ወጣ፦
«እኛ ብንገድለውም፣ እናንተ ወስዳችሁ
በእብነ በረድ ከድናችሁ፣ በብረት ቆልፋችሁ
ሺህ ዓመት ሙሉ ወደ ቤቱ አልለቀቃችሁ።»

ዝም አሉ።
ባላቸው ሳባቲኖ የወደብ ሸክላላ ነበር፤
አርባ መስከረም ሙሉ የቅዱሱን የብር ምስል
በቀኝ ትከሻው ተሸክሞ ከተማውን ዞሯል።
ሲገንዙት እንኳ ትከሻው አልቃና አለ።
«ይከብዳል ይለኝ ነበር» አሉ በለሆሳስ፣
«ብሩ አይደለም የሚከብደው ይለኝ ነበር፤
ሌላ ቦታ መሄድ የሚፈልግ ሰው ነው የሚከብድ።»

ከዚያ በዚህኛው ፊት በኩል ተቀመጡ፤
እኔን በትራቸው ወደዚያኛው ሰደዱ።
ነሐሱ መሐላችን፣ አንተያይም፣
ሳላቸው ግን ይሰማኛል።
አየሁት፤ ብዕሩን ይዟል፣ ከንፈሩ ገርበብ ብሏል፣
የሆነ ነገር ሊጠይቀኝ እንደ ፈለገ ሰው።
አንዴ ከጀርባው ለተወጋ፣
ለዚህ ይሆን ጀርባውን የነሡት?

ስንወጣ ፀሐይ አለ፣ ሕዝብ አለ፣ የጡሩንባ ጩኸት፤
በጥግ የተሞላ ጣፊያ ይሸጣሉ፣
ናና የጠቀጠቁበት፣ በኮምጣጤ የራሰ፤
የማቴዎስ ቀን ያለርሱ አይውልም።
ዶና ሁለት ገዙ። «ብይ» አሉኝ።
«ዛሬ ረቡዕ ነው።»
ደሞዜን የሚጽፉባትን ደብተር አወጡ፣
ዋጋውን ጻፉ፣ ትንሽ አሰቡ፣
ሰረዙት።
ከዚያ ድርሻዬን በጋዜጣ ጠቅልለው
«ለሐሙስ» አሉና ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱ፤
ቤት እስክንደርስ ኮምጣጤው ወረቀቱን አልፎ፣
ቦርሳውን አልፎ፣ ቀሚሴን አርሶ ነበር።