መቶ ሃምሳ ግራም

ቅዳሜ ገበያ፣ ከጤፉ ተራ ዳር፣
አዛናው ሲመዝን የሚያህለው አልነበር፤
አንደበቴ ማር ነው፣ ምርቃቴ ሙሉ፣
«እጁ ሰፊ» እያሉ ስሜን ያነሣሉ።
ማንም አላየብኝ፤ ከሰሃኑ በታች
መቶ ሃምሳ ግራም የእርሳስ ቁራጭ አለች።
በሷ ቤት ሠራሁኝ፤ ጎረቤት የሚያወራ፤
ግድግዳው ከሰሊጥ፣ ጣራው ከሽንብራ፣
መዝጊያው ከመበለት፣ ምስማሩም ከአደራ።

እሑድ እሑድ ደግሞ ነጠላዬን ለብሼ፣
ቁስቋም እሳለማለሁ ማለዳ ገስግሼ፤
ጃንጥላ ሰጥቻለሁ፣ ምንጣፍ ሰጥቻለሁ፣
ስሜን በወርቅ ቀለም አስጽፌባቸዋለሁ፤
ለእግዜርም መዘንኩለት፣ ያው በዚያው ሚዛኔ፣
መቶ ሃምሳ ግራም አጉድዬ ከእኔ።

ራእይ ይመጣል ሲሉ መብረቅ ነበር የማውቅ፣
ፈረስ፣ ነደ እሳት፣ የሰማይ መሰንጠቅ፤
የኔው ግን የመጣ በኮንጎ ጫማ ነው፣
ጭቃ የጠገበ፣ ተረከዙ ያለቀው።

ሐምሌ ነው፤ ጎንደር ላይ መብራት ጠፍቶ መሽቷል፤
ዝናቡ ከላስቲክ ጣራዬ ላይ ይወቅጣል፤
እታለማሁ መጣች፣ ጌሾ ነጋዴዋ፣
ከአንገረብ ተመልሳ፣ ርሶ ነጠላዋ።
ከመቀነቷ ጫፍ ቋጠሮውን ፈትታ፣
ሃምሳ ብር ሰጠችኝ በመዳፏ አፍታታ፤
«ጠዋት መልስ ስትሰጥ አብልጠህ ሰጠኸኝ፤
የሰው ገንዘብ ይዤ እንቅልፍ አይወስደኝ።»
ደግሞ አየችኝና በኩራዝ ብርሃን፣
«ፊትህ ልክ አይደለም፤ አሞሃል ወይ አሁን?
እግዜር ይማርህ» ብላ፣ ተመልሳ ሄደች፤
ጭለማው ዋጣት፣ ያው እንደ መጣች።

ሰባት ዓመት ሙሉ ከሌማቷ ስዘግን፣
እሷ ሃምሳዬን ይዛ ወጣች ዳገቱን!

ቅኔ ቤት አልገባሁ፣ ዜማ አልቆጠርኩም፤
ያቺን አንዲት ቃል ግን ፈትቼ አልጨረስኩም።
ሰሟ ለትኩሳት ነው፣ ወርቋ ለኔ ዕዳ፤
ገዛ ቤቴ ገብቼ ሆንኩበት እንግዳ፤
ግድግዳው «ሰሊጥ ነኝ»፣ ጣራው «ሽንብራ ነኝ»፣
ምስማሩም በየስሙ ሌሊቱን ሲጠራኝ።

ለመምሬ ይኄይስ ሁሉን ስነግራቸው፣
እርሳሷን ተቀብለው በግራ መዳፋቸው
ከፍ ዝቅ አደረጓት፤ «ታዲያ ይህችን ታህል
ነው የለወጥክባት ነፍስን የሚያህል?»
ስግደት ጠብቄ ነበር፤ «የሰዉን ዕዳ መልስ፤
የርሱን ግን ተቀበል፤ ዋጋ የለው፤ አልቅስ።»

ጤፍ በጋሪ ጭኜ አንገረብ ወረድኩኝ፤
ከደጇ ስደርስ ግን አፌ ተያዘብኝ።
ሳልጨርስ ሳቀች፤ «አውቄዋለሁ» አለች፣
«ጣሳ አለችኝ ቤቴ፤ እሷ ትለካለች።
ዱቤ የሚሰጠኝ ካንተ በቀር የለ፤
ዝም ብዬ ጸለይኩ ጤፌ እየጎደለ።»

ያኔ ወርቁ ገባኝ፤ በዝናብ፣ ያ ማታ፣
«ይማርህ» ያለችኝ በሽታዬን አይታ።

ዳንክ ወይ ብትሉኝ ግን፣ እጄ ያሳክከኛል፤
ሰሃን ላይ ጣት መጫን አሁንም ያምረኛል፤
ባለፈው ጥቅምት ላይ ጣቴ ወርዳ ነበር፣
ገዢውን ደረስኩት ሮጬ ከመናኸሪያው በር።
«አዛናው ከሰረ» ይላል ጤፍ ተራው፤
እውነት ነው፤ ለዕዳ ተነቅሏል ግማሹ ከጣራው።

እርሳሷን ቀጥቅጬ ሽብልቅ አድርጌያታለሁ፣
በሩ እንዳይዘጋ ከሥሩ እሻጣታለሁ።
ሐምሌ ነው ዘንድሮም፤ ዝናቡ ይወቅጣል፤
ኮንጎ ጫማ አድርጎ፣ ማን ያውቃል፣ ማን ይመጣል።